የዓለም ዋንጫ ጨዋታና የእረፍት ሰዓት ትንታኔ፦ ተንታኙን በምን እንመዝነው?

አማካይ_8፦
ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ከጨዋታው እኩል የምንጨቃጨቀው በተንታኞቹ ነው። እገሌ ኳስ ያውቃል፣ እገሌ ወሬ ብቻ ነው እንባባላለን፤ በምን እንደመዘንናቸው ግን ማንም አይናገርም።

የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ ተንታኝ በእረፍት ሰዓት የሚናገረው ነገር ሁለተኛው አጋማሽ ላይ በዓይን ሊፈተን የሚችል ይሁን። «ፍላጎት አንሷቸዋል»፣ «ለማሊያው አልተጫወቱም»፣ «መሀል ሜዳው ተበልጧል» የሚሉ ንግግሮች አይፈተኑም። ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ያስኬዳሉ። እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ ማስታወቂያውና የጎሎቹ ድጋሚ ምስል ሲቀነስ ለንግግር የሚተርፈው ትንሽ ነው። ያችን ትንሽ ጊዜ በስሜት ንግግር መጨረስ ተመልካቹን መበደል ነው።

ምሳሌ ላምጣ፤ ኳታር 2022፣ ጀርመን ከጃፓን። ጀርመን 1 ለ 0 እየመራች ወደ መልበሻ ክፍል ገባች። ጎሉን ጉንዶጋን በ33ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያስቆጠረው። ጎሉን እንለፈውና ፍጹም ቅጣት ምቱ እንዴት እንደተገኘ እንይ። ሙሲያላ ከግራ ወደ ውስጥ ሲገባ የጃፓንን የቀኝ መስመር ተከላካይ ሳካይን ወደ መሀል ይስበዋል። ያኔ የጀርመኑ የግራ መስመር ተከላካይ ራውም ጠርዝ ላይ ብቻውን ይቀራል። ኪሚሽ ያቺን ኳስ አሻገረለት፣ ራውም ሳጥን ውስጥ ማንም ሳይነካው ተቆጣጠራት፣ በረኛው ጎንዳ ጣለው። ይህ ክፍተት ከጎሉ በፊትም ነበር።

በእረፍት ሰዓት «ራውም ነጻ ነው፤ ጃፓን እሱን የሚይዝ ሰው ካላመጣች ሁለተኛው ጎል ከዚያው ይመጣል» ያለ ተንታኝ ቢኖር ስራውን ሰርቷል። የጃፓኑ አሰልጣኝ ሞሪያሱ ያደረገውም ይህንኑ ነው፦ ኩቦን አስወጥቶ ቶሚያሱን አስገባ፣ ከኋላ ሦስት የመሀል ተከላካይ ሆኑ፣ ሳካይ ወደ ጠርዝ ወጥቶ ራውምን ያዘ። ተቀይረው የገቡት ዶአን በ75ኛው፣ አሳኖ በ83ኛው አስቆጠሩ፣ ጃፓን 2 ለ 1 አሸነፈች። በእርግጥ ጀርመን በመሀል በርካታ ዕድል አግኝታ ጎንዳ አድኗል፤ ቅያሪው ብቻውን አላሸነፈም። ቢሆንም ጨዋታው የዞረበት ቦታ በእረፍት ሰዓት ይታይ ነበር።

እናንተስ በምን ትመዝናላችሁ?

ተከላካዩ፦
ልክ ብለሃል ወንድሜ፣ ግን ተመልካቹ ራሱ ካላየ ተንታኙን በምን ይፈትነዋል? ትልቁ እንቅፋት ካሜራው ነው። ዋናው ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል ቡድንህ ሲያጠቃ የራስህ መሀል ተከላካዮች የት እንደቆሙ አታይም። ኳሱ ሲወጣ ደግሞ ዳይሬክተሩ ወደ ድጋሚ ምስል ወይም ወደ አሰልጣኙ ፊት ይሄዳል፤ ቡድኖቹ አሰላለፋቸውን የሚያስተካክሉት በዚያው ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ሰፊው ምስል የሚገኝባቸውን ጊዜያት መጠበቅ ነው። ዋናው በረኛው ኳስ መትቶ የሚያስጀምርበት ነው፤ ካሜራው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሁለቱም ቡድን ቅርጹን ይዞ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ይህን አንድ ሁለት ጊዜ ታገኛለህ። ያኔ ኳሱን ተወውና ሦስት ነገር ቁጠር፦ ከኋላ ስንት ሰው አለ፣ የመከላከያ መስመሩ ከመሀል ሜዳው መስመር ምን ያህል ይርቃል፣ ከተጋጣሚ ማን ያለ ጠባቂ ቆሟል። ወረቀት ላይ ደቂቃውን ጽፈህ አጠገቡ ሦስቱን መልስ አስቀምጥ። ከእረፍት መልስም በመጀመሪያው የበረኛ ምት እንደገና ቁጠር። ቁጥሩ ከተለወጠ አሰልጣኙ ነክቶታል ማለት ነው፤ ስቱዲዮው እስኪነግርህ አትጠብቅም።

ለዚህ ከአርጀንቲና እና ሳዑዲ ጨዋታ የተሻለ መማሪያ የለም። ሜሲ በ10ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ ከዚያ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ጎል በኦፍሳይድ ተሻረ፤ አንዱ የሜሲ፣ ሁለቱ የላውታሮ። በእረፍት ሰዓት ውጤት ብቻ ያየ ሰው «ሳዑዲ በዕድል ተረፈች» ይላል። የመከላከያ መስመሩን ያየ ሰው ግን የሳዑዲው አሰልጣኝ የሄርቬ ሬናርድ ተከላካዮች ወደ መሀል ሜዳ ተጠግተው አንድ ላይ ወደፊት እየወጡ መሆኑን ያውቃል። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ይባላል፤ አርጀንቲና በጨዋታው 10 ጊዜ ኦፍሳይድ ውስጥ ስትገባ ግን ታቅዶበታል። ከእረፍት መልስ አል ሸህሪ በ48ኛው፣ አል ዳውሳሪ በ53ኛው ደቂቃ አስቆጠሩ።

እንዲህ ከፍ ብሎ መከላከል የሚሰራው ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ጫና ሲኖርበት ብቻ ነው። አቀባዩ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ካገኘ መስመሩ ወዲያው ወደ ኋላ መውረድ አለበት። ስለዚህ ተንታኝ «ተከላካዮቹ በጣም ወጥተዋል» ሲል መጠየቅ ያለብን «አቀባዩ ላይ ማን ነበር?» ብለን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከ30 ሜትር ፊት ያለ አጥቂ ወይም አማካይ ላይ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ተከብቦ የሚታየው ግን ተከላካዩ ነው።

ማህሌት_ኤ፦
አንድ ጥያቄ አለኝ። ያው አንድ ጨዋታ አንዱ ቻናል ላይ የኳስ ቁጥጥሩ 70 ለ 30 ይላል፣ ስልኬ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል። የቱን ልመን? ተንታኞቹስ ለምን ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራሉ?

ቁጥር_ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያዩት አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ ነው። አንዱ ድርጅት ሰዓት ይዞ ይቆጥራል፤ ሌላው የአንዱን ቡድን ቅብብል ለጠቅላላው ቅብብል ያካፍላል። ፊፋ ደግሞ በኳታር ሦስተኛ ክፍል ጨመረ፤ ኳሱ በማንም ቁጥጥር ስር ሳይሆን ሁለቱም የሚሻሙበት ጊዜ ለብቻው ይቀመጣል። በፊፋ ሰሌዳ ላይ የሁለቱ ቡድኖች ድምር 100 የማይሞላው በዚህ ነው። ከአንድ ምንጭ አትውጪ፤ የአንዱን ድርጅት የትናንት ቁጥር ከሌላው የዛሬ ቁጥር ጋር ማወዳደር ግን ትርጉም የለውም።

ተንታኞች ከእሱ የሚጀምሩት ስክሪኑ ላይ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣላቸው ይመስለኛል። ብቻውን ግን ምንም አይነግርም። ጃፓን ስፔንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ኦፕታ በተባለው የመረጃ ድርጅት ቆጠራ ኳሱን የያዘችው 17.7 በመቶ ብቻ ነበር። ስፔን ከሞሮኮ ጋር ከ1000 በላይ ቅብብል አድርጋ በ120 ደቂቃ አንድ ጎል አላገባችም፤ በመለያ ምቱም 3 ለ 0 ተሸነፈች። ያ ሁሉ ቅብብል የት ተደረገ? አብዛኛው ከሞሮኮ አማካዮች ፊት ለፊት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ። የሞሮኮው አሰልጣኝ ሬግራጊ ያንን ቦታ ሆን ብሎ ትቶላቸዋል፤ የዘጋው በአማካዮቹና በተከላካዮቹ መካከል ያለውን ነው፣ አምራባትም እዚያ ቆሟል። ሞሮኮ እስከ ግማሽ ፍጻሜ የገባባት ጎል አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አጉዌርድ ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ በራሱ ላይ ያስቆጠረው ነው። ስለዚህ ከኳስ ቁጥጥር ይልቅ ሳጥን ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ ነኩ የሚለውን ቁጥር ፈልጊ።

ኤክስ ጂ የሚባለውም ሲጠቀስ ትሰሚያለሽ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ከዚያ ቦታና ሁኔታ ጎል የመሆን ዕድሉን ከ0 እስከ 1 ይሰጠዋል። ፍጹም ቅጣት ምት 0.78 አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሰራል፦ የአንድ ቡድን ድምር 1.6 ሆኖ ግማሹ ከአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ፣ በክፍት ጨዋታ የፈጠረው ትንሽ ነው። ተንታኙ ፍጹም ቅጣት ምቱን ቀንሶ ካልነገረሽ ራስሽ ቀንሺ።

ደግሞ ማን እየመራ ነው፣ ስንት ሰው ሜዳ ላይ አለ የሚለው ሳይነገር ቁጥር አይነበብም። የእኛን ብሔራዊ ቡድን አስታውሺ፤ ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የ10 ሰው ቡድን ቁጥር ነው። 1 ለ 0 የተሸነፍንበትን ያን ጨዋታ በሙሉ 90 ደቂቃ ቁጥር የሚተነትን ሰው የሚያወራው ስላልተደረገ ጨዋታ ነው።

በረኛ_1፦
በቁጥሩ እስማማለሁ፣ ግን ቁጥር የማያየው ነገር አለ፤ የቀድሞ ተጫዋች ስቱዲዮ ውስጥ የሚያስፈልገውም ለዚያ ነው። ሞሮኮ ፖርቹጋልን ያሸነፈችበትን የኤን ነስይሪ ጎል ውሰዱ፣ 42ኛው ደቂቃ። አቲያት አላህ ከግራ መስመር በግራ እግሩ አሻገረ። በግራ መስመር በግራ እግር የተመታ ኳስ ከጎሉ እየራቀ ነው የሚታጠፈው። በረኛው ኮስታ ለመያዝ ወጣ፤ ኳሱ ግን በወጣ ቁጥር ይርቀዋል። ሩበን ዲያዝም አብሮ ዘለለ። ኤን ነስይሪ ከሁለቱም በላይ ሆኖ በግንባሩ ባዶ ጎል ላይ አገባ።

ተራ ተንታኝ «እንዴት ያለ ዝላይ!» ብሎ ያልፋል። ዝላዩ በእርግጥም ድንቅ ነው። በረኛ የነበረ ሰው ግን የመጀመሪያዋን እርምጃ ያሳይሃል፤ ኮስታ የኳሱ አቅጣጫ ሳይለይ ወደ ፊት ረገጠ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ድጋሚ ምስሉን የበረኛውን እግር ብቻ እያያችሁ ተመልከቱት።

አማካይ_8፦
በረኛ_1፣ እንዲህ የሚናገር የቀድሞ ተጫዋች ከተገኘ ቁጥሩ ሁሉ ይቅርብኝ። የምቃወመው «እኔ በምጫወትበት ዘመን» ብሎ ጀምሮ እግሩን ሳያሳየን የሚጨርሰውን ነው።

ረዳት_ዳኛ፦
ስለ ዳኝነት ትንታኔ አንድ ነገር ልበል፤ እዚያ ላይ የሚነገረው ስህተት ከሁሉም ይበዛል።

የኳታር 2022 የመክፈቻ ጨዋታ፣ ኳታር ከኢኳዶር። የኢኳዶሩ ቫሌንሲያ በ3ኛው ደቂቃ ያገባው በኦፍሳይድ ተሻረ፤ በየስቱዲዮው ግራ መጋባት ሆነ፣ ምክንያቱም ከጎሉ በኩል አንድ የኳታር ተከላካይ ቆሞ ይታያል። ሕጉ የሚለው ግን «ተከላካይ» አይደለም፤ ከመጨረሻው ሁለተኛው ተጋጣሚ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው በረኛው ስለሆነ አንድ ተከላካይ ይበቃል። በዚያ ቅጽበት ግን በረኛው አል ሺብ ኳስ ለመያዝ ወጥቶ ተበልጧል። ከጎሉ በኩል የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የኢኳዶሩ አጥቂ የኤስትራዳ እግርም ከሁለተኛው ሰው አልፏል። ስለዚህ በረኛ ወጥቶ ባያችሁ ቁጥር ሁለት ሰው ቁጠሩ። ተንታኙ መስመሩን በተሳሳተው ተከላካይ ላይ ካሰመረ የቀረው ንግግሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቤት ውስጥ ምስሉን አቁሞ «አላለፈም፣ አልፏል» መባባልም አያዋጣም። በሴኮንድ 50 ምስል በሚያነሳ ካሜራ፣ በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ ከአንዱ ምስል እስከ ሌላው 16 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ኳሱ ከአቀባዩ እግር የተነሳችበት ቅጽበት ከሁለት ምስሎች መሀል ሊወድቅ ይችላል። በኳታር ኳሱ ውስጥ የነበረው መሳሪያ በሴኮንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ የነበረው ለዚህ ነው፤ በዚያ ስሌት ስህተቱ ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ጣሪያ ስር የተሰቀሉ 12 ካሜራዎች ደግሞ ከእያንዳንዱ ተጫዋች አካል እስከ 29 ነጥብ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ። ውሳኔውን ግን ማሽኑ ብቻውን አይሰጥም፤ የቫር (የቪዲዮ) ዳኞች ነጥቡንና መስመሩን አይተው ያረጋግጣሉ። እጅና ክንድ አይቆጠሩም፤ የሚቆጠረው እስከ ብብት ድረስ ነው።

የሚቶማን ኳስም አንርሳ። ጃፓን ከስፔን፣ 51ኛው ደቂቃ፣ ሚቶማ ከጎል መስመሩ ዳር ያሻገረው ኳስ ወጥቷል ተብሎ ዓለም ተጨቃጨቀ፤ ታናካ አገባው፣ ጎሉም ጸደቀ። ኳስ ወጣ የሚባለው ሙሉ አካሉ ሙሉውን መስመር ሲያልፍ ነው። ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለ። ኳሱ ሳር የሚነካው በመሀሉ ነው። ስለዚህ ሳር የነካበት ቦታ ከመስመሩ ውጪ 11 ሴንቲ ሜትር ድረስ ርቆ እንኳ ከላይ ሲታይ የኳሱ ሆድ መስመሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ከጎን ያነሳ ካሜራ በኳሱና በመስመሩ መካከል ሳር ያሳያል፤ ዓይናችን ወጥቷል ይላል። ትክክለኛው ምስል በመስመሩ ትይዩ ወይም ቀጥ ብሎ ከላይ የተነሳ ብቻ ነው። ተንታኙ ያንን ምስል ሳያስመጣ ከፈረደ አትቀበሉት።

ማህሌት_ኤ፦
ረዳት_ዳኛ፣ እግዜር ይስጥልን። የበረኛውን ነገር እንዲህ ያብራራልኝ ሰው አልነበረም።

ሬዲዮ_ወዳጅ፦
ከትንታኔው ትንሽ ልውጣና፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ በኤፍኤም በአማርኛ የሚከታተል ብዙ ሰው አለ። ችግሩ ሁለቱ አለመግጠማቸው ነው። ብዙ ጊዜ የሬዲዮ አስተላላፊው ስታዲየም ሳይሆን ስቱዲዮ ውስጥ ስክሪን እያየ ስለሆነ የእሱ ምስል ካንተ ምስል ሊቀድምም ሊዘገይም ይችላል።

ማስተካከያው ይህ ነው፦ ጨዋታው በፊሽካ ሲጀመር ሬዲዮው ከዘገየ፣ ምስል ማቆም በሚችል ዲኮደር ፊሽካው ላይ አቁም፤ አስተላላፊው «ተጀመረ» ሲል ልቀቀው። በሚቀጥለው የእጅ ውርወራ ላይ መግጠሙን አረጋግጥ። ሬዲዮው ከቀደመ ኤፍኤሙን ማቆም አይቻልም፤ ያው ጣቢያ በኢንተርኔት ካለ በስልክ ክፈተው፣ እሱ ራሱ ስለሚዘገይ ያቀራርበዋል። መብራት ሄዶ ከመጣ ዲኮደሩ ወደ ቀጥታው ስለሚመለስ እንደ አዲስ መግጠም ነው። በኢንተርኔት ምስል የምታዩ ደግሞ ከሳተላይቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ሴኮንድ ትዘገያላችሁ፤ የጎል ማሳወቂያውንና የቴሌግራም ግሩፑን ሳታጠፉ አትጀምሩ፣ ጎረቤት ግን አይጠፋም።

ዲሲ_ነዋሪ፦
ለ2026ቱ የሰዓት ነገር ልጨምር። በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ ሰዓት ላይ 7 ሰዓት ጨምሩ፣ በሎስ አንጀለስና በሲያትል ላይ 10። መክፈቻውም ፍጻሜውም በምሥራቁ የአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሪያድና ቴል አቪቭ በበጋቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። በምዕራቡ ዳርቻ ማታ 3 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ከማንጋት ተኝቶ መነሳት ይሻላል።

ከተንታኞቹ በጣም የምፈራው ግን የምድቡን ሒሳብ ነው። 48 ቡድን፣ 12 ምድብ፣ ከየምድቡ ሁለት፣ በላዩ 8 ምርጥ ሦስተኞች። ከ12 ስምንት ማለት በአውሮፓ ዋንጫ ከ6 አራት እንደሚያልፈው ነው፤ ስለዚህ ልምዱ አለ። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ስሎቬኒያ ሦስት ጊዜ አቻ ወጥታ በ3 ነጥብ አለፈች። ሀንጋሪ ስኮትላንድን አሸንፋ ያው 3 ነጥብ ይዛ ቀረች፤ የጎል ልዩነቷ ከዜሮ በታች 3 ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 እየተመራ 85ኛው ደቂቃ ላይ ያለ ቡድን ሁሉንም ወደፊት ልኮ ሦስተኛ ጎል ቢገባበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያች ጎል ሊወድቅ ይችላል። «ከዚህ በኋላ የሚያጡት የለም» የሚል ተንታኝ ሲመጣ ይህን አስታውሱ።

ደግሞ በዚህ ውድድር በየአጋማሹ 22ኛው ደቂቃ አካባቢ የ3 ደቂቃ የውሃ እረፍት አለ። አሰልጣኙ ለተጫዋቾቹ ይናገራል፣ ቅርጽ ይለወጣል።

ተከላካዩ፦
ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ የበረኛ ምት ቆጠራ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ይሆናል፤ ሲጀመር፣ ከመጀመሪያው ውሃ በኋላ፣ ከእረፍት መልስ፣ ከሁለተኛው ውሃ በኋላ። እየተመራ የነበረው ቡድን አማካይ ቀንሶ አጥቂ ጨምሮ ከተመለሰ፣ እዚያው ላይ የተጋጣሚው የተከላካይ አማካይ ነጻ ወጣ አልወጣ ማየት ነው።

ማህሌት_ኤ፦
ለመለማመድ ከየቱ ጨዋታ ልጀምር? ውጤቱን አስቀድሜ የማውቀው ቢሆንስ ይጠቅማል?

አማካይ_8፦
ይጠቅማል፤ እንዲያውም ውጤቱን ስታውቂ ዓይንሽ ከኳሱ ይላቀቃል። ከራሳችን ጀምሪ፦ ኢትዮጵያ ከካሜሩን፣ ጥር 2022 በፈረንጆቹ። ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አገባ፣ ቶኮ ኤካምቢ በ8ኛው አቻ አደረገ፣ እረፍት 1 ለ 1 ወጡ። ከዚያ አቡባከር በ53ኛውና በ55ኛው፣ ኤካምቢ በ67ኛው አስቆጠሩና 4 ለ 1 አለቀ።

45ኛው ደቂቃ ላይ አቁሚው። ተከላካዩ እንዳለው የበረኛ ምቶቹን እየቆጠርሽ ከመጣሽ ማስታወሻ ይኖርሻል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፊ፤ የተጫዋች ስም፣ የሜዳው ክፍል እና ካሜሩን እዚያ ምን እንደምታደርግ ይኑርበት። ከ46ኛው ደቂቃ ጀምረሽ እስከ 67ኛው እዪና ሦስቱም ጎሎች በየት በኩል እንደተጀመሩ መዝግቢ፤ የመጨረሻዋን ቅብብል ብቻ ሳይሆን ኳሱ ከተነጠቀበት ቦታ ጀምሮ። ዓረፍተ ነገርሽን እዚህ ለጥፊልን፣ እኛም የየራሳችንን እንለጥፋለን።